በስልክ የሚጫወቱ ለማጆች ጠባይ

ቼዝና ዳማ በጣውላ ላይ ብቻ ሳይሆን በስልክ ላይ ከማይታወቅ ሰው ጋር መጫወት ከተጀመረ ቈይቷል። ቼስ ዶት ኮም የተባለው በ2007 እ.ኤ.አ.፤ ሊቼስ የተባለውም በ2010 እ.ኤ.አ. ሥራ ስለ ጀመሩ፤ ጀሞ ተቀምጦ ከብራዚል ልጅ ጋር መጋጠም ቀላል ነገር ሆኗል። ነገር ግን ከአጨዋወቱ አስቀድመው ስድቡን የሚለምዱ ለማጆች ስለ በዙ፤ ጠቡ ከየት እንደሚመጣ ለማስረዳት ይህን ጽሑፍ አቅርቤአለሁ።

በክፍለ ከተማችን በንፋስ ስልክ ላፍቶ፤ በካርቶን ላይ መሥመር አሥምረው በቆርኪ ዳማ የሚጫወቱ ሰዎችን ያላየ ያለ አይመስለኝም። የአንዱ ቆርኪ ወደ ላይ፤ የሌላው ወደ ታች ተደፍቶ ይለያል። በዚያ ቦታ ዝምታ የለም። ተጫዋቹ ይፎክራል፤ ተመልካቹም «ይልቅ እናትህ ሽንኩርት ግዛ ብላሃለች፤ ሂድ!» እያለ ይተርባል። የተተረበውም አብሮ ይሥቃል፤ ተራቢው የጎረቤቱ ልጅ ነውና ነገም እዚያው ያገኘዋል። ነገሩ ከመጠን ያለፈ እንደ ሆነም ከቆሙት ታላላቆች አንዱ «ተው እንጂ!» ይላል።

ተመልካች የጨዋታ ዳኛ መሆኑ አዲስ ነገር አይደለም። በጥንቱ ሰንጠረዥ፤ የመጀመሪያው መያዝ እስኪደርስ ድረስ ሁለቱ ባላጋሮች ተራ ሳይጠብቁ እንደ ልባቸው ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ይኸውም ወረራ ይባላል። በዚህ ሁሉ ሁካታ መካከል ግን የአሸናፊው ጠባይ ይመዘን ነበር። በግንብ ወይም በፈረስ ማት ያለ ሰው እምብዛም አይመሰገንም፤ በወታደሮቹ የጨረሰ ግን ይደነቃል። ይህን ጨዋታ በ19ኛው መቶ ዘመን በአገራችን የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ጽፎታል፤ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 እ.ኤ.አ. ታሪኩን አሳትመዋል።

በስልክ ግን አጠገብ የቆመ ታላቅ የለም። ባላጋራህ ስምህን አያውቅ፤ ሣቅህንም አይሰማ። ስለዚህ በዳማው ቦታ የሚያሥቀው ተረብ እዚያ ሲደርስ ስድብ ብቻ ይሆናል።

እኔን ከስድብ ይልቅ የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ለማጁ መሸነፉን ባወቀ ጊዜ መጫወቱን ትቶ ዝም ይላል፤ አሥር ደቂቃ ቀርቶት እንደ ሆነ ባላጋራውን አሥሩንም ደቂቃ ያስጠብቀዋል። የተሳደበ ሰው ንዴቱን ተናግሮ ይወጣለታል፤ ይህኛው ግን የሰው ጊዜ ይሰርቃል። በየሁለት ርምጃው «እኩል እንውጣ» እያሉ መነዝነዝም ነውር ነው። ከኮምፒዩተር እየጠየቁ መጫወትማ ማታለል ስለ ሆነ መለያ ያዘጋል። በአንጻሩ፤ እየተሸነፉ እስከ ማት ድረስ መጫወት ብልግና የሚመስላቸው አሉ፤ «ለምን እጅህን አትሰጥም?» ብለው ይቈጣሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ለማጅ አጨራረስን የሚማረው ሲጨርሱበት አይቶ ነው። ደግሞም አሸናፊው ቸኩሎ ንጉሡን ሳይነካ መሄጃ ቢያሳጣው፤ ሌላ የሚንቀሳቀስ ከሌለም፤ ጨዋታው እኩል ይሆናል።

የእኛ አገር ለማጅ ደግሞ ሳያጠፋ ባለጌ የሚባልበት ጊዜ አለ። መብራት ሲጠፋ ወይም ኔትወርክ ሲቋረጥ፤ በዚያ በኩል ላለው ሰው የሚታየው ተሸንፎ የሸሸ ተጫዋች ነው እንጂ ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ ልጅ አይደለም። ሊቼስ ላይ ባላጋራው ጥቂት ከጠበቀ በኋላ ድሉን እንዲወስድ ይፈቀድለታል፤ ጨዋታ ጥሎ መሄድ የደጋገመም ለጊዜው ከመጋጠም ይታገዳል። መሣሪያው የመብራትን መጥፋት ከኩርፊያ ለይቶ አያውቅም። ስለዚህ ኔትወርኩ የማያስተማምን ሰው የሦስት ደቂቃ ጨዋታ ባይጀምር ይሻለዋል። ለአንድ ርምጃ አንድ ቀን ወይም ሦስት ቀን የሚሰጥ ጨዋታ አለ፤ ማታ መብራት ቢጠፋ ጧት ይቀጥሉታል፤ «መብራት ጠፍቶብን ነበር» ብሎ ለመጻፍም ጊዜ ይገኛል።