ባቦጋያ ሲገለበጥ

በቢሾፍቱና በአካባቢዋ ያሉት ሆራ፣ ባቦጋያና የቢሾፍቱ ሐይቅ የፍንዳታ ጉድጓዶች ናቸው። ከሥር የመጣ የቀለጠ ዐለት ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ሲገናኝ ውኃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ መሬቱን በረቀሰው፤ ጉድጓዱም ቆይቶ ውኃ ቋጠረ። ዛሬ ሎጅ የተደረደረበትን ገደል ቀረብ ብሎ ላየው፣ ያኔ የተተፋው አመድና ጠጠር በየተራ ተነባብሮ ይታያል። በእነዚህ ሐይቆች አንዳንዴ በብርድ ወራት ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ በብዛት ሞቶ ይንሳፈፋል፤ ሰውም ወዲያው «መርዝ ተጨምሮበት ነው» ይላል። እኔ ግን ከመርዙ በፊት የጉድጓዱ ቅርጽ ቢጠየቅ እላለሁ።

ባቦጋያ ስፋቱ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ጥልቀቱ ግን 65 ሜትር ያህል ነው። ገደሉ ነፋስ ስለሚከልልለት፣ ፀሐይ ያሞቀው ቀላል ውኃ ከላይ፣ ቀዝቃዛውና ከባዱ ከታች እንደተለያዩ ወራት ይቆያሉ። ከላይ የሚወርደው ብስባሽ የታችኛውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፤ የገማ እንቁላል የሚሸት ጋዝም ይጠራቀማል። ከኅዳር ጀምሮ ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ ሲበርድ የላይኛው ውኃ ቀዝቅዞ ይከብድና ይሰምጣል፣ የታችኛው ይወጣል። ቆሮሶው አፉን ከውኃው በላይ አውጥቶ አየር ሲያሳድድ ይታያል፤ ከዚያ ይገለበጣል።

ብርዱ ብቻውን ገዳይ ቢሆን የዝዋይ ሐይቅ ዓሣም በየዓመቱ ባለቀ ነበር። ዝዋይ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተንጣልሎ ጥልቀቱ ግን 9 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ነፋሱ እስከ ወለሉ እያማሰለው የሚጠራቀም ነገር አይኖርም።

«እንግዲያው ተፈጥሮ ከሆነ ዳርቻው ላይ ያለነው ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። እንዲህ ያለው ነፃ መውጫ አያስኬድም። ከእርሻ የሚታጠብ ማዳበሪያና ከመጸዳጃ የሚሰርግ ፍሳሽ አልጌውን ያደልባል፤ የደለበው አልጌ ሞቶ ሲወርድ የታችኛውን ኦክስጅን ይበልጥ ያሟጥጠዋል። ከባቦጋያ የሚወጣ ወንዝ ደግሞ የለም፤ ስለዚህ የገባው ቆሻሻ አብዛኛው እዚያው ይቀራል። መርዝም ፈጽሞ አይገባም ማለቴ አይደለም። ዓሣው በሞቃት ወር ወይም በአንድ ጥግ ብቻ ከሞተ ጥርጣሬው ተገቢ ነው። በታኅሣሥ ሐይቁን ሙሉ ከሆነ ግን፣ ከሥር ውኃ ቀድቶ ኦክስጅኑን መለካት ጎረቤት ከመክሰስ ይቀድማል።