ጡቡን የያዘው እጅ

ተማሪዎቼ ልብ ወለድ አንብበው ሲመጡ ደብተራቸውን ለሁለት ከፍለው ያሰምሩበታል። በግራ ዕቃው፣ በቀኝ «የሚወክለው»። ጡብ፣ ቁጣ። ካርታ፣ ናፍቆት። ሐውልት፣ ሥልጣን። ፈተና ላይ ነጥብ የሚያስገኘው ይህ ስለሆነ አልፈርድባቸውም፤ ግን ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የምታገለው ከዚህ ሰንጠረዥ ጋር ነው።

ዘንድሮ የያዝነው የዲናው መንግሥቱን «ዘ ቢዩቲፉል ቲንግስ ዛት ሄቨን ቤርስ» ነው። ዲናው አዲስ አበባ ተወልዶ በሁለት ዓመቱ አሜሪካ የገባ ደራሲ ሲሆን፣ ይህ የመጀመሪያ ልብ ወለዱ እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሞ በዚያው ዓመት የጋርዲያንን የመጀመሪያ መጽሐፍ ሽልማት አግኝቷል። ተራኪው ሴፋ እስጢፋኖስ በቀይ ሽብር ጊዜ ከአገር ወጥቶ ዋሽንግተን፣ ሎጋን ሰርክል ላይ ትንሽ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። የድሆች ሰፈር ነው። ጁዲት የምትባል ነጭ የታሪክ ፕሮፌሰር ከልጇ ከናኦሚ ጋር መጥታ አጠገቡ ያለውን ያረጀ ትልቅ ቤት ታድሳለች። ነባሮቹ ከቤታቸው መባረር ይጀምራሉ። አንድ ቀን የጁዲት መኪና መስታወት በጡብ ተሰብሮ ይገኛል።

ይህን ካዛንቺስ ላይ ማስተማር ሌላ ነገር ነው። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ቤተሰቧ ወደ ከተማዋ ዳር የሄደባት አንዲት ተማሪ «ጡብ፣ ቁጣ» ብላ ጽፋ ሰርዛዋለች። ለምን ሰረዝሽው አልኳት።

«ቲቸር፣ ሴፋ እኮ አዲሶቹ ሲመጡ ገበያዬ ይደራል ብሎ ደስ ብሎት ነበር። ከወርዋሪው ጋር ይሁን ከጁዲት ጋር እሱ ራሱ አያውቀውም።»

ያን ዕለት ሌላ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ጡቡ ብቻውን ምንም አይወክልም። ክብደት የሚያገኘው ሴፋ ዝም ብሎ ስለሚያየው ነው፤ ዝምታው ደግሞ ከሩቅ የመጣ ነው። በእሱ ወረቀቶች ሰበብ አባቱን ወታደሮች ወስደውበታል። ዲናው ይህን ሰው የሚስለው «አዝኗል፣ ፈርቷል» እያለ አይደለም። አቧራ የለበሱ መደርደሪያዎቹን ያሳየናል። በሥራ ሰዓት ሱቁን ጥሎ የማያውቃቸውን ቱሪስቶች ተከትሎ ሲሄድ ያሳየናል። እንዲህ ያለውን የገጸ ባሕርይ አሳሳል ሰንጠረዥ አይችለውም።

ልዩነቱን ለማሳየት አፍሪካ አዳራሽን ምሳሌ አደርጋለሁ፤ ከዚህ በእግር የሚደረስበት ነው። የአፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም መስታወት ሦስት ክፍል አለው፤ የአህጉሪቱን ያለፈ፣ የአሁንና የወደፊት ዘመን ይዟል። እዚያ ያለው ችቦ ብርሃን ነው፤ ሠዓሊው ሁሉም እንዲረዳው ብሎ ነው የሣለው። የአደባባይ ሥራ እንዲህ መሆን አለበት፤ የአፍሪካ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ1963 የአንድነት ድርጅቱን የመሠረቱት በዚያው አዳራሽ ነውና።

ሴፋ ሱቅ ውስጥም አፍሪካ አለች፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈች አሮጌ ካርታ ናት። ከጓደኞቹ ከኮንጎው ጆሴፍና ከኬንያዊው ኬኔዝ ጋር አንድ ጨዋታ አላቸው። አንዱ የአምባገነን ስም ይጠራል፣ ሌሎቹ አገሩንና መፈንቅለ መንግሥቱ የተካሄደበትን ዓመት ይመልሳሉ። ይስቃሉም። ካርታውን «ናፍቆት» ያለ ተማሪ ይህን ሳቅ የት እንደሚያስገባው ጠየቅኩት። ገጹን ደጋግሞ አነበበና «የሚስቁት ያሰደዳቸው ዓመት ላይ ነው» አለኝ። ያንን ጻፈው አልኩት።

አሁን የማሠራቸው ሥራ ይህ ነው፦ አንድ ዕቃ ይመርጣሉ፣ የተጠቀሰበትን ገጽ ሁሉ ያወጣሉ፣ በየገጹ ማን እንደነካው፣ ማን እንዳየው፣ ማን አይቶ እንዳለፈው ይጽፋሉ። «ምንን ይወክላል» የሚለው የሚመጣው በመጨረሻ ነው። አንዳንዴ አይመጣም፣ ያኔም ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ።

ቀጥሎ የሴፋ አጎት ብርሃኔ ለካርተርና ለሬገን የጻፋቸውን ደብዳቤዎች እናነባለን። ጥያቄዬን ሰሌዳ ላይ ጽፌላቸዋለሁ፦ ሴፋ እነዚህን ደብዳቤዎች የሚያነበው አጎቱ ቤት በሌለበት ሰዓት የሆነው ለምንድን ነው?