ሃያ ቶን አፕልና አንድ ቀንበጥ

ጅቡቲ ከተማ አፕል አይበቅልባትም። ዛፉ በወጉ አብቦ እንዲያፈራ በየዓመቱ ለብዙ ሰዓታት፣ አንዳንዱ ዝርያም ከሺህ ሰዓት በላይ፣ ከ7 ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ መተኛት አለበት። የጅቡቲ ቴርሞሜትር ግን በሐምሌ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ በጥር ሌሊት እንኳ 20 ዲግሪ አካባቢ ነው። የዓመቱ ዝናብ ተጠራቅሞ 150 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ስለዚህ ከተማዋ የምትበላው አፕል ከሌላ አገር ተጭኖ ይመጣል።

ባለ 40 ጫማ ማቀዝቀዣ ኮንቴይነር 20 ቶን ያህል አፕል ይይዛል። ባለ 18 ኪሎ ካርቶን ቢሆን 1,100 ካርቶን ግድም፣ በካርቶን 100 ፍሬ ቢታሰብ ደግሞ 110,000 አፕል ማለት ነው። ውስጡ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ፣ ውጪው 40 ዲግሪ፤ ሁለቱን የሚለየው ከአንድ ጣት ርዝመት ብዙም የማይበልጥ ውፍረት ያለው ግድግዳ ነው። ወደቡ ላይ የቆመ ሰው ዓይን የሚያርፈው እዚህ ግዙፍ ሳጥን ላይ ነው። አፕልን የሚገድለው ነገር ግን በሌላኛው የመጠን ጫፍ ላይ ነው ያለው።

ባክቴሪያው ኤርዊኒያ አሚሎቮራ ይባላል፤ የሚያመጣው በሽታ ፋየር ብላይት ነው። የአንዱ ርዝመት 2 ማይክሮ ሜትር ያህል ስለሆነ በአንድ ሚሊ ሜትር ላይ 500 ይሰለፋሉ። አንድ ሚሊዮኑ ተሰብስቦ ቢመዘን የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ግድም ነው። አንዲት የጤፍ ፍሬ 0.3 ሚሊ ግራም ያህል ትመዝናለች፤ እሷን ለማመዛዘን 300 ሚሊዮን ባክቴሪያ ያስፈልጋል።

አሁን አንድ ባክቴሪያ በአንድ የአፕል አበባ ላይ አረፈ እንበል። ሙቀቱ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ከሆነ ለእሱ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። በየሁለት ሰዓቱ እጥፍ ቢሆን፣ በ20 ሰዓት 1,024፣ በ40 ሰዓት ደግሞ 1,048,576 ይሆናል። ይህ የወረቀት ስሌት ብቻ አይደለም፤ ተመራማሪዎች በአንድ አበባ ላይ ሚሊዮንና ከዚያም በላይ ቆጥረዋል። ያም ሆኖ አበባው ገና አልታመመም። የሚቀረው ትንሽ ዝናብ ወይም ከባድ ጤዛ ነው። ውሃው ባክቴሪያውን ከአበባው አናት አጥቦ የአበባ ማሩ ወደሚመነጭበት ሥር ያወርደዋል፤ እዚያ ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ወደ ዛፉ ይገባል። ከአበባ አበባ የሚያዛምተውም ንብ ነው። አፕሉን የምታዳብረው ንብ በዚያው ጉዞዋ በሽታውንም ታዳርሳለች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አበባው ይጠወልግና ይጠቁራል። የለጋው ቀንበጥ ጫፍ ወደ ታች ይቆለመማል። ቅጠሉ እሳት እንደነካው ከስሎ ይደርቃል፤ አይረግፍም፣ እንደተንጠለጠለ ይቀራል። በእርጥብ ቀን ከቅርንጫፉ ወተት የሚመስል፣ ኋላም ወደ ማር ቀለም የሚጠጋ ፈሳሽ ጠብ ይላል። የአንዷ ጠብታ ነዋሪዎች በብዙ ሚሊዮኖች ይቆጠራሉ። ልጡ ሲላጥ ከሥሩ ቀይ ቡናማ ነው። የውሃ ጥም፣ ውርጭ ወይም ግንድ የሚበላ ፈንገስም ቀንበጥ ያደርቃሉ፤ ከእነዚህ ለመለየት የሚረዳው ቁልምሙ፣ ጠብታውና የቅጠሉ አለመርገፍ አንድ ላይ መታየታቸው ነው። ከዚያ በኋላ ለማረጋገጥ በሩብ ሰዓት ገደማ ውጤት የሚሰጥ የመመርመሪያ ስትሪፕ አለ፤ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ግን ላቦራቶሪ ነው።

በ2000 እ.ኤ.አ. በደቡብ ምዕራብ ሚሺጋን በአንድ የእርሻ ወቅት ከ220,000 በላይ ዛፎች በዚህ በሽታ ጠፍተዋል፤ ኪሳራው 42 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል። በሽታው መጀመሪያ የታየው በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በኒውዮርክ ሃድሰን ሸለቆ ነው። በ1919 ኒውዚላንድ፣ በ1957 እንግሊዝ፣ በ1964 ግብፅ ደረሰ፤ በዚህ ምዕተ ዓመት ሞሮኮ፣ አልጄሪያና ቱኒዚያም ተያዙ። በ2010 ደግሞ የአፕል ሁሉ አያት የሆነው የዱር አፕል በሚገኝባት በካዛኪስታን ተገኘ። በዚያው ዓመት የአሜሪካውና የፈረንሳዩ ባክቴሪያ ሙሉ ዘረ መል፣ እያንዳንዱ 3.8 ሚሊዮን ፊደል ያህል፣ ጎን ለጎን ሲታይ ከ99.9 በመቶ በላይ አንድ ሆኖ ተገኘ። አትላንቲክን የተሻገረው በጥቂት አጋጣሚዎች እንደሆነ ይህ ቁጥር ብዙ ይናገራል።

የተሻገረው በምንድን ነው? ብዙ ሰው የሚጠረጥረው ፍሬውን ነው። አውስትራሊያ ከ1921 ጀምሮ ይህን በመስጋት የኒውዚላንድ አፕል እንዳይገባባት ከልክላ ኖራለች። ክርክሩ በዓለም ንግድ ድርጅት የተቋጨው በ2010 ነው፤ ዘጠና ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ማስረጃው ሲመረመር የበሰለና ጤነኛ የሆነ ፍሬ በሽታውን ወስዶ አዲስ እርሻ ውስጥ የመትከል ዕድሉ እጅግ አነስተኛ ነው። ሕይወት ያለው እንጨት ግን ሌላ ነው፤ ለማዳቀያ የሚቆረጥ ቀንበጥና ሥር ያለው ችግኝ ምንም ምልክት ሳያሳዩ ባክቴሪያውን በልጣቸው ውስጥ ይዘው ይጓዛሉ።

እኔን ያስደነገጠኝ ይህ ነው። በጅቡቲው የዶራሌ ወደብ የሚወርደው 20 ቶን አፕል በአንድ አበባ ላይ ካለው አንድ ሚሊዮን ባክቴሪያ ክብደት 20 ትሪሊዮን ጊዜ ይበልጣል፤ ብዙም አያሰጋም። የሚያሰጋው በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ በሻንጣ የሚገባ፣ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ የቀንበጥ እስር ነው። የኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ በጅቡቲ ያልፋል፤ ከዚያ እስከ አዲስ አበባ ያለው የባቡር መስመር ከ750 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። የጅቡቲ ሐምሌ ለባክቴሪያው መራቢያ አይመችም፤ ማቀዝቀዣና እርጥብ ጨርቅ ግን ሙቀቱን ያሻግሩታል።

ከመንገዱ ማዶ ጨንቻ አለች። ከአርባ ምንጭ በላይ፣ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ሚሲዮናውያን በ1950ዎቹ አፕል ያስተዋወቁባት የጋሞ ደጋ ናት። የጨንቻ ገበሬ የሚኖረው ፍሬ በመሸጥ ብቻ አይደለም፤ የተዳቀለ ችግኝ ይሸጣል፣ ችግኙም ወደ ሌሎች የኢትዮጵያ ደጋዎች ይሄዳል። አንድ የታመመ ቀንበጥ እዚያ ደርሶ አንድ እናት ዛፍ ላይ ቢዳቀል፣ ከዚያች ዛፍ የሚወሰደው እያንዳንዱ ማዳቀያ በሽታውን ይዞ ሊወጣ ይችላል። የኳራንቲን ሠራተኛ ዓይን ከኮንቴይነሩ ይልቅ ሻንጣው ላይ ቢያተኩር ትክክል ነው እላለሁ።

በሽታው አንዴ ከገባ መድኃኒቱ ጥቂት ነው። እንቡጡ ሳይፈነዳ መዳብ ይረጫል። ስትሬፕቶማይሲን የሚሠራው በአበባ ወቅት፣ ዝናብ በጣለ በ24 ሰዓት አካባቢ ሲረጭ ነው፤ በካሊፎርኒያ ግን ከ1971 ጀምሮ የማይበግረው ባክቴሪያ ታይቷል። ለሰው የሳንባ ነቀርሳ የሚውል መድኃኒት ስለሆነም በዘፈቀደ ሊረጭ አይገባም። ማዳበሪያ ሲበዛ ለጋው ቀንበጥ ስለሚበዛ በሽታው ይበረታል።

ዋናው መቁረጥ ነው። ከደረቀው ክፍል 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች፣ ጤነኛ የሚመስለውን ጨምሮ፣ በደረቅ ቀን ይቆረጣል፤ ባክቴሪያው ከሚታየው ምልክት ቀድሞ ይሄዳልና። መቀሱ ከቆረጣ ቆረጣ በ70 በመቶ አልኮል ይጸዳል፤ የተቆረጠው እዚያው ይቃጠላል። ቀንበጡን ተቆልምሞ ያገኘ ገበሬ ቆርጦ በእጁ ይዞ ወደ ግብርና ጽሕፈት ቤት ባይሄድ ይሻላል፤ በመንገዱ የጎረቤቶቹን ዛፎች ሁሉ ያልፋል። በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይላክ፣ ባለሙያው ወደ ዛፉ ይምጣ።