ጠላም ይቆጠራል

እርጉዝ ሴት ያማራትን መከልከል በአገራችን ነውር ነው። የጠላው ሽታ ደጅ ድረስ ከወጣ፣ በዚያ የምታልፈው ነፍሰ ጡር ጎረቤት «ነይ ግቢ፣ ቅመሺ፣ እንዳያምርሽ» ተብላ ትጠራለች። ጠሪዋ ክፋት የላትም፤ ጽንሱን የሚጎዳው ነገር በፍቅር ተቀድቶ ይቀርባል።

በብዙ ቤት ጠላ ከመጠጥ አይቆጠርም። መጠጥ የሚባለው ቢራው፣ አረቄው፣ ውስኪው ነው። በቅድመ ወሊድ ክትትል «መጠጥ ትጠጫለሽ?» የተባለች ሴት «ኧረ እኔ አልጠጣም!» ብትል አልዋሸችም።

አልኮል ግን ከጋንም ይምጣ ከጠርሙስ ሥራው ያው ነው። ከእናት ደም በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንሱ ይሻገራል። የጽንሱ ጉበት ገና ለጋ ስለሆነ በወጉ አያስወግደውም፤ የሽርት ውሃውም ያቆየዋል። ፊትና ልብ መልክ የሚይዙት ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ሳያውቁ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። አንጎል ደግሞ ዘጠኙን ወር ሙሉ ይሠራል። ስለዚህ «ሦስት ወር ካለፈ ምንም አይል» የሚሉትን አትስሙ። እስከዛሬ «ይህን ያህል ቢጠጣ አይጎዳም» የተባለ መጠን አልተገኘም።

ጉዳዩ ለሐኪሞች አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 ፈረንሳዊው የሕፃናት ሐኪም ፖል ለምዋን ከባልደረቦቹ ጋር የጠጪ ወላጆችን 127 ልጆች መርምሮ ጽፏል፤ ብዙ ሰሚ አላገኘም። በ1973 በአሜሪካ ሲያትል ኬኔት ጆንስና ዴቪድ ስሚዝ ስም አወጡለት። አጠር ያለ የዓይን ስንጥቅ፣ ስስ የላይኛው ከንፈር፣ ከአፍንጫ ሥር የጠፋ ሸንተረር፣ ትንሽ ጭንቅላት ምልክቶቹ ናቸው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ፊቱ ላይ ምንም የማይታይበት ልጅ ነው፤ የሚበዙትም እነዚህ ናቸው። ትናንት ያጠናውን ዛሬ ይረሳል። ሒሳብ ይከብደዋል። ተቀመጥ ሲሉት ይነሳል፤ ትናንት የተቀጣበትን ጥፋት ዛሬ ይደግማል። መምህሩ «ሰነፍ»፣ ሰፈሩ «ባለጌ» ይለዋል፤ ቤት ደግሞ አርጩሜ ይጠብቀዋል። ይህ ዱላ የሚያርመው ጥፋት አይደለም። ጉዳቱ አይድንም፤ ቶሎ ከታወቀና በትዕግሥት ከተረዳ ግን ልጁ ብዙ ሊለወጥ ይችላል።

እናቲቱን ለመውቀስ የሚቸኩል ደቡብ አፍሪካን ይመልከት። በዌስተርን ኬፕ የወይን እርሻዎች ባለእርሻዎች ከሠራተኞቻቸው ደሞዝ ከፊሉን በወይን ጠጅ ይከፍሉ ነበር። «ዶፕ» ይሉታል። ሕግ ከከለከለው በኋላም ለዓመታት ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ግምት በዓለም ከ1000 ልጆች 8 ያህሉ በዚህ ጉዳት ይወለዳሉ ሲል፣ በደቡብ አፍሪካ 111 አድርሶታል። ይህን ሁሉ ጽዋ ሴቶቹ ለራሳቸው አልቀዱትም።

በእኛ አገር በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል። ጠላ ግን ቀድሞም ማስታወቂያ አልነበረውም፤ ማስጠንቀቂያ የሚለጠፍበት ጠርሙስም የለውም። ስለዚህ ጤና ባለሙያዎች «መጠጥ» ብላችሁ አትለፉ፤ ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄ፣ ቦርዴ እያላችሁ በስሙ ጠይቁ። አንቺም እህቴ፣ ጠጥተሽ ከሆነ ሳታፍሪ ንገሪያቸው፤ ዛሬ ብታቆሚ ለልጅሽ ይጠቅመዋል። ጎረቤቶችም ያማራትን መጥራታችሁን አትተዉ፤ ያልፈላ ብርዝ ወይም የሱፍ ውሃ ቅዱላት።