ፎዬን የነጠቀን በሽታ ከወላጅ ወደ ልጅ እንዴት ይተላለፋል?

ሰኔ 19 ቀን 1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 2003) በፈረንሳይዋ ሊዮን ከተማ፣ ዠርላን ስታዲየም። ካሜሮንና ኮሎምቢያ ለኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ፍፃሜ ለማለፍ እየተፋለሙ ነው። የማይበገሩት አንበሶች 1ለ0 ይመራሉ። ጨዋታው 72ኛው ደቂቃ ላይ ሲደርስ ማርክ ቪቪየን ፎዬ መሐል ሜዳ ላይ ወደቀ። ማንም አልነካውም፤ ኳሷም አጠገቡ አልነበረችም። ሐኪሞች ተሯሩጠው ደረሱለት፣ በቃሬዛ ከሜዳ አወጡት፣ ልቡን ለማስነሳት የሚቻላቸውን ሁሉ አደረጉ። አልሆነም። ዕድሜው 28 ዓመት ብቻ ነበር።

ይህ ሰው እኮ ደካማ አልነበረም። ቁመቱ 1 ሜትር ከ90፣ አማካይ ክፍል ላይ እንደ ግንብ የሚቆም ተጨዋች ነበር። ከመሞቱ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ለማንችስተር ሲቲ ሰንደርላንድ ላይ ሁለት ጎል ያስቆጠረ ሲሆን፣ ሁለተኛዋ ሲቲ በአሮጌው ሜዳው በሜይን ሮድ ያገባት የመጨረሻ ጎል ሆና ቀርታለች። ክለቡም 23 ቁጥር ማሊያውን ለሌላ ተጨዋች ላለመስጠት ወስኗል።

ሰባት ወር ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 2004 ደግሞ የቤንፊካው ሀንጋሪያዊ አጥቂ ሚክሎሽ ፌሄር በጉማሬሽ ሜዳ ላይ ተመሳሳይ ዕጣ ደረሰው። ቢጫ ካርድ አይቶ ፈገግ አለ፣ ጉልበቱን ይዞ አጎነበሰ፣ ከዚያ ወደ ኋላው ተዘረረ። 24 ዓመቱ ነበር።

በእኛ ሀገር ጤነኛ የሚመስል ሰው ድንገት ሲወድቅ "መጋኛ መታው" ይባላል። ለሁለቱ ተጨዋቾች ሐኪሞች የሰጡት ስም ግን አንድ ነው፤ ሃይፐርትሮፊክ ካርዲዮማዮፓቲ። በአማርኛ ሲፈታ የልብ ጡንቻ ያለ ልክ መወፈር ማለት ነው። ይህ በሽታ ደግሞ በአብዛኛው የሚመጣው ከሜዳ፣ ከልምምድ ብዛት ወይም ከምግብ ሳይሆን ከእናት ወይም ከአባት ነው።

አንድ ፊደል የሳተ መመሪያ

እያንዳንዱ የሰውነታችን ክፍል የሚሠራው ጂን ወይም ዘረመል በሚባል መመሪያ ነው። ከእያንዳንዱ ጂን ሁለት ቅጂ አለን፤ አንዱን ከእናት፣ ሌላውን ከአባት እናገኛለን። ልብ በቀን 100 ሺህ ጊዜ ያህል የምትመታው የጡንቻዋን ክሮች እየጎተቱ የሚያኮማትሩ ፕሮቲኖች ስላሏት ነው። ከእነዚህ አንዱ ማዮሲን ይባላል። የማዮሲን መመሪያ ውስጥ አንዲት ፊደል ብቻ ስትሳሳት ልብ ሥራዋን በተዛባ መንገድ ትሠራለች። በጊዜ ብዛትም ጡንቻዋ እየወፈረ ይሄዳል፤ ክሮቹም በሥርዓት መደርደራቸው ይቀርና ይዘበራረቃሉ።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ልብ የምትመታው በኤሌክትሪክ ትዕዛዝ ነው። በተዘበራረቀ ጡንቻ ውስጥ ትዕዛዙ መንገዱን ስቶ ሊሽከረከር ይችላል። ያን ጊዜ ልብ መምታቷን ትታ ትንቀጠቀጣለች፣ ደም ወደ አንጎል አይሄድም፣ ሰውየው በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል። ተጨዋቹ ሲሮጥ፣ ልቡ በከፍተኛ ፍጥነት ሲመታ ደግሞ አደጋው ይጨምራል።

የዚህ ምስጢር የተፈታው በአንድ ቤተሰብ ምክንያት ነው። በካናዳዋ ኩቤክ ግዛት የሚኖር አንድ ትልቅ ቤተሰብ ውስጥ ሰዎች ከትውልድ ትውልድ በልብ ድንገት ይሞቱ ነበር። ሐኪሞች ስለዚህ ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1961 ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ የሃርቫርዶቹ ተመራማሪዎች ክርስቲንና ጆናታን ሳይድማን ከባልደረቦቻቸው ጋር የተሳሳተችውን ፊደል ማዮሲን ጂን ላይ አገኟት። ከዚያ ወዲህ ይህን በሽታ የሚያመጡ ሌሎች በርካታ ጂኖች ታውቀዋል። ነገሩ የሰው ብቻም አይደለም፤ ሜይን ኩን የሚባሉት ትልልቅ ድመቶች ይህንኑ በሽታ ከወላጆቻቸው እንደሚወርሱ እ.ኤ.አ. በ2005 ተረጋግጧል።

ዘውድ ወይስ ጎፈር?

ውርሱ እንዴት ይሄዳል? ዳኛው ከጨዋታ በፊት የሚወረውራትን ሳንቲም አስቡ። በሽታው ያለበት ወላጅ ከሁለቱ ቅጂዎቹ አንዱ ደህና፣ አንዱ የተበላሸ ነው። ልጅ ሲወለድ ከሁለቱ አንዱን ይሰጠዋል። ዘውድ ከወጣ ደህናው፣ ጎፈር ከወጣ የተበላሸው ይደርሰዋል። ዕድሉ 50 በ50 ነው። ከሌላኛው ወላጅ ጤነኛ ቅጂ ቢያገኝም በዚህ በሽታ አንዱ መበላሸቱ ብቻውን ይበቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። "ከሁለት ልጆች አንዱ ከታመመ ሌላው ተረፈ" ማለት አይደለም። ለእያንዳንዱ ልጅ ሳንቲሟ እንደ አዲስ ትወረወራለች። አራቱም ሊያመልጡ፣ አራቱም ሊይዛቸው ይችላል። ያመለጠው ልጅ ግን አምልጧል፤ ለልጆቹ የሚያወርሰው የለውም።

ሌላም አለ። እኛ ስማችን የሚጠራው በአባት ነው፤ "የማን ልጅ ነህ?" ስንባል አባትና አያት እንቆጥራለን። ጂን ግን በአባት ስም አይሄድም። የእናት ወገን እኩል ድርሻ አለው፣ ሴት ልጅም እንደ ወንድ ትወርሳለች። ስለዚህ "በአባቴ በኩል እንዲህ ያለ ነገር የለም" ማለት ብቻውን አያድንም።

የሚገርመው ደግሞ ጂኑን የወረሰ ሁሉ አይታመምም። ከአንድ አባት ጂኑን የወረሱ ሁለት ወንድማማቾች አንዱ በ20 ዓመቱ ሊወድቅ፣ ሌላው ምንም ሳይሰማው ሊሸመግል ይችላል። በሽታው ከ500 ሰዎች በአንዱ ገደማ ይገኛል ተብሎ ይገመታል። 25 ሺህ ተመልካች በተቀመጠበት ስታዲየም 50 ያህሉ አለባቸው ማለት ነው! አብዛኞቹ ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ። ጥቂቶቹን ነው በድንገት የምናጣቸው፤ እነማን እንደሆኑ አስቀድሞ መለየቱ ነው ፈተናው።

ማልዲኒና የልብ በሽታ አንድ አይደሉም

የእግር ኳስ አፍቃሪ ስለ ዘር ማውራት ይወዳል። ቼዛሬ ማልዲኒ እ.ኤ.አ. በ1963 ለሚላን የአውሮፓ ዋንጫ በአምበልነት አነሳ፣ ከ40 ዓመት በኋላ በ2003 ልጁ ፓውሎ እንዲሁ በአምበልነት አነሳ። "ደሙ ውስጥ ነው" አልን። ግን ልብ በሉ፤ ችሎታ በአንድ ጂን አይወረስም። ቁመትም ሆነ ፍጥነት በጣም ብዙ ጂኖች ጥቂት ጥቂት እያዋጡ የሚሠሩት ነው፤ በዚያ ላይ ምግብ፣ ልምምድና አሰልጣኝ ይጨመራል። የትልቅ ተጨዋች ልጅ ሁሉ ትልቅ ተጨዋች የማይሆነው ለዚህ ነው። የልብ ጡንቻ መወፈር ግን አንዲት ጂን ብቻዋን ልታመጣው የምትችለው ነገር ነው።

የስፖርተኛ ልብ ወይስ የታመመ ልብ?

ታዲያ ክለቦች ለምን ቀድመው አያገኙትም? ጤነኛ ተጨዋችም በልምምድ ብዛት ልቡ ስለሚወፍር ነው። የጤነኛ ሰው የልብ ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። 15 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ሐኪሙ በሽታውን ይጠረጥራል። ባለ 13 እና ባለ 14 ሚሊ ሜትሩ ተጨዋችስ? እሱ ነው አስቸጋሪው። አንዳንዴ ሐኪሞች ለጥቂት ወራት ልምምድ ያስቆሙትና ድጋሚ ይለካሉ። ከቀነሰ የስፖርተኛ ልብ ነው፤ ካልቀነሰ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ዛሬ የጂን ምርመራም ይረዳል፤ ነገር ግን በሁሉም ታማሚ ላይ የተበላሸው ጂን አይገኝም።

በዚህ ጉዳይ ጣሊያን ቀድማለች። እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ የውድድር ስፖርተኛ ሁሉ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ (ኢሲጂ) ጭምር እንዲያደርግ ሕግ ያስገድዳል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ጥናት በቬኔቶ ክልል በወጣት ስፖርተኞች ላይ የሚደርሰው ድንገተኛ የልብ ሞት በ89 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ንዋንኮ ካኑ እ.ኤ.አ. በ1996 የኦሎምፒክ ወርቅ አጥልቆ ኢንተር ሲደርስ የልብ ቫልቭ ችግሩ የተገኘው በዚያው በጣሊያን ምርመራ ነው። ቀዶ ሕክምና አድርጎ ተመለሰ፤ ያልተሸነፈው የ2003/04 አርሰናል አባልም ሆነ።

ሕጉ ሲበዛ ጥብቅ ነው የሚሉም አሉ። ሴኔጋላዊው ካሊሉ ፋዲጋ በልቡ ምክንያት ለኢንተር እንዳይጫወት ተከልክሎ እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ ቦልተን ሄደ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ከቶተንሃም ጨዋታ በፊት ሲያሟሙቅ ወደቀ፤ ተርፎ መሣሪያ ተገጠመለትና ወደ ሜዳ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. ጁን 12 ቀን 2021 ኮፐንሃገን ላይ የወደቀው ክርስቲያን ኤሪክሰንም ልብ የሚያስነሳ መሣሪያ ደረቱ ውስጥ ስለተገጠመለት በጣሊያን መጫወት አልቻለም፤ በ2022 ብሬንትፎርድ ተቀበለው።

ምርመራ ግን ፍፁም አይደለም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2016 ድረስ 11,168 ታዳጊ ተጨዋቾች ልባቸው ታይቶ በ42ቱ ላይ ለሞት ሊያበቃ የሚችል ችግር ተገኝቷል። በኋላ ግን ከተመረመሩት ስምንቱ በልብ ምክንያት ሞቱ። ከስምንቱ ስድስቱ በምርመራው "ደህና ናችሁ" የተባሉ ነበሩ! ለምን? በሽታው ብዙ ጊዜ በጉርምስናና ከዚያም በኋላ ስለሚወጣ ነው። ጂኑ ከልደት ጀምሮ አለ፤ ውፍረቱ ግን ዘግይቶ ይመጣል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ተመርምሮ መርሳት አይበቃም።

ያለ ገንዘብ የሚደረግ ምርመራ

ውድ አንባቢያን፣ "ይሄ የሀብታም ክለብ ወሬ ነው" ትሉ ይሆናል። የመጀመሪያው ምርመራ ግን ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጥያቄ ነው። የሰፈር ቡድን አሰልጣኝም ቢሆን ልጆቹን ሊጠይቃቸው ይችላል።

አንደኛ፦ በቤተሰብህ፣ በእናትም በአባትም ወገን፣ ከ50 ዓመት በታች ሆኖ በድንገት የሞተ ሰው አለ? "መጋኛ ነው" የተባለውም፣ ዋና እያወቀ ውኃ ውስጥ የቀረውም ይቆጠራል።

ሁለተኛ፦ እየሮጥክ ሳለህ ራስህን ስተህ ታውቃለህ? ከጨዋታ በኋላ ቆሞ መደንዘዝ ሌላ ነገር ነው፤ ሩጫው መሐል መውደቅ ግን ከባድ ማስጠንቀቂያ ነው።

ሦስተኛ፦ ስትሮጥ ደረትህን ያምሃል? ልብህ ያለ ሥርዓት ይመታል? ከእኩዮችህ በተለየ ትንፋሽ ያጥርሃል?

ለአንዱ እንኳን "አዎ" ያለ ልጅ ልምምዱን አቁሞ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ኢሲጂና የልብ አልትራሳውንድ ብዙውን ነገር ይናገራሉ። በሽታው ከተገኘበት ደግሞ ጉዳዩ የእሱ ብቻ አይደለም፤ እናቱ፣ አባቱ፣ ወንድሞቹ፣ እህቶቹና ልጆቹ መታየት አለባቸው። አንድ ሰው ሲወድቅ ሊተርፍ የሚችለው ቤተሰቡ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር እንለይ። በሀገራችን ወጣቶች ላይ በብዛት የሚታየው ሩማቲክ የልብ ሕመም ውርስ አይደለም። በአግባቡ ካልታከመ የጉሮሮ (ቶንሲል) ሕመም ይነሳና የልብ ቫልቭን ያበላሻል። እሱን የሚከላከለው ቶንሲልን በወቅቱ መታከም ነው።

በልብ ጡንቻ መወፈር የተያዘ ሰውስ ሕይወቱ አበቃ? በፍፁም። መድኃኒት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ማቫካምተን የተባለው፣ በቀጥታ ማዮሲን ላይ የሚሠራ መድኃኒት በአሜሪካ ተፈቅዷል። አደጋው ከፍ ላለበት ኤሪክሰን የተገጠመለት ዓይነት መሣሪያ አለ። ስፖርት ላይም ቢሆን የዛሬ ሐኪሞች እንደ ድሮው ሁሉንም በጅምላ "አቁም" አይሉም፤ የእያንዳንዱን አደጋ መዝነው ከተጨዋቹ ጋር ይወስናሉ።

ሜዳ ላይ የወደቀ ሰው ስታዩ ደግሞ ውኃ መድፋት፣ ክብሪት ማሽተት አያድነውም። ካልነቃና በደንብ ካልተነፈሰ እርዳታ እየተጠራ ደረቱን መሐል ላይ በሁለት እጅ አጥብቆና አፍጥኖ መጫን ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በኋይት ሃርት ሌን የወደቀው የቦልተኑ ፋብሪስ ሙአምባ ልቡ ለ78 ደቂቃ በራሷ ሳትመታ ቆይታ የተረፈው ሰዎች ደረቱን መጫን ስላላቋረጡ ነው።

ዛሬ ማታ እራት ላይ ከጨዋታው ወሬ በፊት እናትና አባታችሁን አንድ ነገር ጠይቋቸው፦ "በዘመዶቻችን ውስጥ በወጣትነቱ ድንገት የሞተ ማን አለ?" መልሱን ለታናሽ ወንድማችሁ አሰልጣኝ ንገሩት።

ቸር ሰንብቱ!