የጉበት ምርመራ ወረቀት ምን ይላል?

አንድ የምንጃር ገበሬ ድካም ተሰምቶት፣ የምግብ ፍላጎቱም ጠፍቶበት አረርቲ ሐኪም ቤት ሄደ እንበል። ደሙ ተመረመረና «የጉበትህ ኢንዛይም ከፍ ብሏል» ተባለ። ይህን ሲሰማ አንዱ «አለቀልኝ» ብሎ ይደነግጣል። ሌላው ወረቀቱን አጣጥፎ ይተወዋል። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

ለመሆኑ ኢንዛይም ምንድን ነው?

ጉበት በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር ይገኛል። የበላነውን ምግብ ለሰውነት እንዲስማማ አድርጎ ያዘጋጃል። መርዝንም ያከሽፋል። ጉበት በዓይን ከማይታዩ እጅግ ብዙ ሕዋሶች የተሠራ ነው። ኢንዛይም በሕዋሱ ውስጥ ሆኖ ሥራውን የሚያፋጥን ነገር ነው።

ሕዋሱን እንደ አቁማዳ፣ ኢንዛይሙን እንደ እህል እንቁጠረው። አቁማዳው ደኅና ከሆነ መንገድ ላይ የሚንጠባጠበው ጥቂት ነው። ከተቀደደ ግን ብዙ ይፈሳል። የጉበት ሕዋስም ሲጎዳ ኢንዛይሙ ወደ ደም ይፈሳል።

ቁጥሩ እንዴት ይነበባል?

በወረቀቱ ላይ ኤ.ኤል.ቲ. እና ኤ.ኤስ.ቲ. የሚባሉ ስሞች አሉ። አንዳንድ ቦታ ኤስ.ጂ.ፒ.ቲ. እና ኤስ.ጂ.ኦ.ቲ. ተብለው ይጻፋሉ። በጤነኛ ሰው ቁጥራቸው ብዙውን ጊዜ ከ40 አይበልጥም። ልኩ በየላቦራቶሪው ስለሚለያይ ከውጤቱ አጠገብ የተጻፈውን ልክ ተመልከቱ።

ቁጥሩ 50 ወይም 60 ቢሆን ሐኪሙ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ምርመራውን ሊያስደግም ይችላል። በብዙ መቶ የሚቆጠር ከሆነ ግን ጉዳቱ ብርቱ ስለሆነ ጊዜ አይሰጥም። ኤ.ኤስ.ቲ. በጡንቻም ውስጥ አለ። ስለዚህ አጨዳ ወይም ውቂያ ላይ የከረመ ሰው ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገር።

አቁማዳውን ማን ቀደደው?

የፈሰሰው እህል አቁማዳው መቀደዱን እንጂ ማን እንደቀደደው አይናገርም። ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘት ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚገኙት እነዚህ ናቸው፦

1. ሄፓታይተስ ቢ የሚባል ተሐዋሲ። በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ በጋራ ምላጭ፣ በወሊድ ጊዜም ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። አብሮ በመብላት አይተላለፍም። መከላከያው ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ለሕፃናት በሚሰጠው ክትባት ውስጥ ገብቷል። ልጆቻችሁን በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው አስከትቡ።

2. አረቄና ሌላ መጠጥ ማብዛት።

3. መድኃኒት። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት አንዳንድ ሰው ላይ ጉበት ይነካል። ይሁንና ሐኪም ሳያማክሩ ማቋረጥ አደገኛ ነው። መጠኑ የማይታወቅ ሥራ ሥርም ጉበትን ሊጎዳ ይችላል።

4. ከእህል ጋር የሚበላ መርዝ። በትግራይ፣ በታህታይ ቆራሮ ወረዳ፣ ጸዳ እምባ በሚባል መንደር እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ የብዙ ሰው ሆድ ያብጥ ጀመር። የሞቱም ነበሩ። ምክንያቱ ለዓመታት አልታወቀም ነበር። በኋላ ተመራማሪዎች አጄራተም የሚባል አረም መርዝ ከእህሉ ጋር ተቀላቅሎ አገኙ። በአፍጋኒስታንም በ1970ዎቹ የአረም ፍሬ የተቀላቀለበት ስንዴ ብዙ ሕዝብ ጎድቷል። እንግዲህ አረምን በጊዜው መንቀል፣ እህልን አበጥሮና ነፍቶ ማስፈጨት ምርትን ብቻ ሳይሆን ጉበትንም መጠበቅ ነው። የሻገተ እህልም አይበላ።

የወፍ በሽታ

ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው፤ የሌሊት ወፍ አልፎበት ነው» የሚሉ አሉ። ቢጫ የሚያደርገው ግን ቢሊሩቢን የሚባል ነገር ነው። የታመመ ጉበት ሊያስወግደው ሲያቅተው በደም ውስጥ ይጠራቀማል። በዚህ ጊዜ መተኮስ ቁስል ይጨምራል እንጂ አያድንም። ሥር ቀቅሎ መጠጣትም በታመመ ጉበት ላይ ሌላ ሸክም መጫን ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ባዶ አቁማዳ ቢቀደድ እህል አይፈስበትም። ለረጅም ዘመን ተጎድቶ የጠጠረ ጉበትም ኢንዛይሙ ልከኛ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ሌላ ምርመራ ሲያዝ «ቁጥሩ ደኅና ነው» ብላችሁ አትቅሩ።

ምን እናድርግ?

የምትወስዱትን መድኃኒት፣ የጠጣችሁትን ሥርና መጠጥ ሳትደብቁ ተናገሩ። የሄፓታይተስ ምርመራ ጠይቁ። መጠጥ አቁሙ። የቀድሞውን ወረቀት አስቀምጡና ስትመለሱ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ ጉዳቱ መጨመሩን ወይም መቀነሱን የሚያውቀው ሁለቱን ሲያስተያይ ነው። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሆድ ካበጠ፣ ደም ካስመለሰ ወይም ሰውዬው ከቃዠ ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት አድርሱት።