የፀሐይ ኃይልም እንደ ቦይ ውኃ ይጋራል

የመስኖ ውኃን በተራ መጠቀም ለአርሶ አደሮቻችን አዲስ ነገር አይደለም። የውኃ አባቱ ተራ ያወጣል፤ በቦዩ ራስጌ ያለው ማሳውን አጠጥቶ ለግርጌው ይለቃል። ዛሬ ደግሞ ማሳው መቼ ውኃ እንደሚፈልግ የሚጠቁሙ የአፈር እርጥበት መለኪያዎች በተለያዩ አገራት የመስኖ እርሻዎች ላይ ይሠራሉ። መለኪያው ያነበበውን ያለ ሽቦ በሬዲዮ ሞገድ ወደ መቀበያ ጣቢያ ይልካል።

መሣሪያዎቹ የመብራት መስመር አይጠብቁም። ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ ቀን የሰበሰበችውን ኃይል በባትሪ አጠራቅመው ሌሊትም ይሠራሉ። ይሁን እንጂ ሁሉም እኩል ፀሐይ አያገኙም። አንዱ በዛፍ ጥላ ሥር ይውላል፤ የሌላውን ሰሌዳ አቧራ ይሸፍነዋል። በዚያ ላይ ሩቅ ያሉት መልእክታቸውን በጎረቤት መሣሪያ በኩል ስለሚያሻግሩ፣ ለጣቢያው ቅርብ የሆነው የራሱንም የሌላውንም ሸክም ይሸከማል። የእሱ ባትሪ ሲያልቅ ከበስተኋላው ያሉት ሁሉ ድምፃቸው ይጠፋል። የውኃ ተራ በመለኪያ በሚወሰንበት ቦታ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም፤ መለኪያው ዝም ያለበት የግርጌ አርሶ አደር ሰብሉ እየጠወለገ ተራው ሊያልፈው ይችላል።

ታዲያ ኃይል የተረፈው ላነሰው ቢያካፍልስ? ሰኑር ኡሉኩስና ባልደረቦቿ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ ጥያቄ መርምረዋል። ስሌታቸው የተመሠረተበት ዘዴ ስሙም "ውኃ መሙላት" ነው። ኃይል እንደ ውኃ ከሞላበት ወደ ጎደለበት ይፈሳል፤ ዛሬ የተጠራቀመው ለነገ ይተርፋል፤ የነገው ግን ለዛሬ አይበደርም። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገርም በአፈር ቦይ እንደሚሄድ ውኃ መንገድ ላይ ይባክናል። ስለዚህ ማካፈል የሚያዋጣው የተቀባዩ ጥቅም ከብክነቱ ሲበልጥ ነው።

በአየር በሚላክ ኃይል ላይ ደግሞ ብክነቱ ከባድ ነው። በየአቅጣጫው የሚሰራጭ ሞገድ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር የሚደርሰው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። 1 ዋት የሚያሰራጭ ትንሽ አንቴና 10 ሜትር ላይ ለቆመ መሰሉ የሚያደርሰው ከ1 ዋት አንድ ሺህኛ እንኳ አይሞላም። በማሳዎች መካከል ባለው ርቀት ይህ ባትሪ የሚሞላ አይደለም።

የሚያዋጣው ኃይሉን ሳይሆን ሥራውን መጋራት ነው፤ ልክ እንደ ወንፈል። ባትሪው የሞላው መሣሪያ የጎረቤቱን መልእክት ያሻግራል፤ የደከመው የራሱን ብቻ ልኮ ያርፋል። ነገ ፀሐይ ለሌላው ስትወጣ ሸክሙም ይዞራል። ጎን ለጎን የተተከሉ መሣሪያዎች ካሉ ደግሞ አጭር ሽቦ ከአየር ይሻላል።

መሣሪያዎቹን ለመግዛት ወይም ከፕሮጀክት ለመረከብ የሚያስቡ የወረዳ ኃላፊዎች ከዋጋው ጋር ሦስት ነገሮችን ቢጠይቁ ይበጃል፦ መሣሪያዎቹ የባትሪያቸውን መጠን አይተው መንገድ ይቀይራሉ ወይ? ለጣቢያው ቅርብ ለሆኑት ተለቅ ያለ ሰሌዳና ባትሪ ተመድቧል ወይ? ዝም ያለ መሣሪያ ሲኖር ለውኃ ኮሚቴው ማን ይነግራል?

ለአርሶ አደሩም ድርሻ አለው። ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ መወልወልና ያጠላበትን ቅርንጫፍ መቁረጥ ወጪ የለውም። መለኪያው ዝም ባለ ጊዜ ግን አፈሩን ቆፍሮ በእጅ ጨብጦ ማየት ይገባል፤ የመሣሪያ ዝምታ የማሳው መርካት ምልክት አይደለምና።